ሱሺ በአሞራ ገደል

ሰሞኑን ሐዋሳ አዲስ ወሬ መጣ፤
ጥሬ ዓሣ በሩዝ ላይ ስም ቀይሮ ወጣ።
«ሱሺ» አሉት አሉ፣ ከሎጁ በረንዳ፤
ሁለት ጉርሻ አይሞላም፣ የሁለት ሺህ ዕዳ።

ዱካሞ ሰማና፣ ቢላውን አቁሞ፣
የቆሮሶ ቅርፊት ከክንዱ ላይ ለቅሞ፣
«ታዲያ ይሄን ነገር ሃያ ዓመት ሙሉ
በዳጣ፣ በሎሚ ስሸጠው፣ የት ዋሉ?»
አለና ከተበ በታንኳው ጎን ላይ፦
«ሱሺ አለ። ሩዝ የለም። ኑና እንተያይ!»

አንዱ ቲክቶከር መጥቶ ስልኩን ሲያስተካክል፣
ብርሃን ሲያሳድድ፣ ሳህኑን ሲያማክል፣
«ቆይማ፣ ፊልተሩ...» ሲል፣ ከኋላው በዝግታ
አባ ኮዳ መጣ፣ ኮት ደራቢው ጌታ።
አንገቱን ዘርግቶ፣ ሳይጠይቅ ዋጋውን፣
ከነአዲስ ስሙ ዋጠበት ዓሣውን።

«ሂሳብ!» አለ ዱካሞ።