አትግለጪ፣ ግለጪ

ከተማው ሜዲሲን ሃት፣ «የመድኃኒት ባርኔጣ»፤
ማን እንደደፋው ቀድሞ፣ ከየት እንደመጣ
ሳልጠይቅ ኖሬአለሁ ስምንት ዓመት ሙሉ፣
በመስታወት ቤት ውስጥ ቲማቲሞች ሲቀሉ።

ዘንድሮ ነው ኮሌጅ፣ የማታ የገባሁ።
አራት ኮርስ ወሰድኩ፣ አራት ደጅ አንኳኳሁ፦
መግቢያ ለጂኦግራፊ፣ መግቢያ ለጤና፣
መግቢያ ለታሪክም፣ እንዲያው እንደገና።
«መግቢያው በዛ» አልኩኝ፣ «ቤቱስ የታለና?»
አራተኛው ደግሞ «የመጀመሪያ» እርዳታ፤
ሁለተኛውን የሚሰጥ ማን ነው? በየትኛው ማታ?

የማክሰኞው ጤና «ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኙ» ይላል በስላይዱ።
ከሌሊቱ አሥር ላይ ለለቀማ የሚሄዱ
እንደኔ ያሉ ሰዎች ትዝ አላሉትም መሰለኝ፤
ትእዛዝ ነውና ግን፣ እዚያው ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ረቡዕ፣ ወለሉ ላይ፣ ከወገቧ በታች የሌላት
ፕላስቲክ ሴት ተጋድማለች፣ ልባችን እስኪደክም ልባችንን የምንሰጣት።
ዶሪን ሠላሳ ዓመት አምቡላንስ ነድታለች፤ ስትንበረከክ ጉልበቷ ይንቋቋል።
«አትሳሺላት» ትላለች፣ «የጎድን አጥንት ተሰብሮም ይድናል፤
የቆመ ልብ ግን አይጠብቅሽም።»
ሠላሳ ጊዜ ተጫንኩ። ሁለቴ እፍ አልኩ።
ፈተናውን አለፍኩ።
ሴትዮዋ አልተነሣችም።

ከዚያ ስለ ደም፦ «ጨርቁን ቁስሉ ላይ ጠበቅ አድርገሽ ያዥው፤
ቆመ ወይ እያልሽ አትግለጪ፤ ገልጠሽ ባየሽው ቁጥር
የረጋው ይላቀቃል፣ እንደ አዲስ ይፈሳል።
ጨርቁ ቢርስ እንኳ፣ በላዩ ሌላ ይደረባል።»
በቀይ እስክርቢቶ ጻፍኩ። «አትግለጪ»። ሁለቴ አሰመርኩ።
የዚያን ለት ክንዴን በፋሻ የጠቀለለልኝ ዴልበርት ነበር፤
ካይናይ ነው፣ ስልሳ አልፎታል፣ ዕድሜውን በበያጅነት የኖረ፤
ፋሻውንም እንደ ብረት፣ ጫፉን ከጫፉ አሳበረ።

ሐሙስ፣ ታሪክ። ኦልሻንስኪ መብራቱን አጠፋ።
ግድግዳው ላይ ልጆች። አዳሪ ትምህርት ቤት።
አንድ ዓይነት ልብስ፣ አንድ ዓይነት የተላጨ ራስ፣
ስም በሚጻፍበት ቦታ ቁጥር ተጽፎበት።
ከኋላ፣ ከጨለማው፣ ዴልበርት ድምፁን ሳያነሣ፦
«ከግራ ሦስተኛዋ የአባቴ እኅት ናት።»
ስሟን በቋንቋው ነገረን። ደገመው።
እኛም ተከትለን አልነው፣
ሃያ ሁለት ምላስ እየተደናቀፈ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ከመስታወት በረዶ ስንፍቅ ጠየቅኩት፦
«ረቡዕ አትግለጪ፣ ሐሙስ ግለጪ። የቱን ልያዝ?»
ሳቀ። «ደብተርሽን እይ፤ ከሥሩ ‹ሐኪም እስኪመጣ› ይላል።
እኛ መቶ ዓመት ተጭነን ያዝነው፣ ጨርቅ በጨርቅ እየደረብን።
ማንም አልመጣ።»

«ባርኔጣውስ?» አልኩት።
«ብዙ ዓይነት ይወራል። የትኛውም ወሬ ግን የሚያልቀው ወንዙ ጋ ነው።»
ሰኞ ያንኑ ወንዝ በካርታ አየሁት፤
አሮጌ ጥምዝምዙን ትቶ፣ አቋርጦ ሄዷል ባጭሩ፤
የተወው ጎድጓዳ ግን በጎርፍ ዓመት ይሞላል፤ አልጠፋም ከምድሩ።

ዓርብ ዕለት ማሪቬል መዳፏን በቢላ ሸረከተችው።
ሻሼን ፈትቼ ተጫንኩ።
«ቆመ?»
«አላውቅም። አልገልጥም።»
ከቁስሉ በታች፣ አንጓዋ ላይ፣ ነጭ፣ አሮጌ ጠባሳ አለ፤
ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ስንለቅም
አይቼው ያልጠየቅኳት።
እጄን ሳላላላ፣ «ይኼስ?» አልኳት።

ዝም አለች።
ከዚያ ከሩቅ ጀመረች፣ ከአንዲት ጀልባ፣
ጀልባዋን ከሸጠ አጎት፤
አምቡላንሱ ሲጮህ ተሰማን፣ እሷ ግን ገና አጎቷ ጋ ነበረች።
ያን ዕለት ሦስት ረድፍ ቲማቲም ሳይለቀም አደረ።