የኔ ያልሆነ

ጥቅምት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃው ቧንቧ ውስጥ ረግቷል፣
ውርጩ በፋብሪካው ቆርቆሮ ላይ ጨው የተበተነ መስሏል።
እኔ ፋይል ክፍል ነኝ፤ ቁልፍ እቆጥራለሁ፣
ለሚለቁ ሰዎች ማኅተም እመታለሁ።

ቅጹ አንድ ገጽ ነው፤ ሰባት ጥያቄ አለው፣
ስድስቱ ስለ ዕቃ፣ አንዱ ስለ ሰው ነው።
«የለቀቁበት ምክንያት» ይላል፣ ከግርጌ፣ አጭር መስመር፣
ዓመታት ቀርቶ አንድ ሳምንት የማይበቃው ለመዘርዘር።

ሁሉም የሚጽፈው አንድ ነው፦ «በግል ጉዳይ»።
ማቅለሚያ ክፍል የነበረችው ዘርፈሽዋል ብቻ
«ደከመኝ» ብላ ሰርዛ፣ ከጎኑ «በግል ጉዳይ»፤
ስርዙ ግን ይነበባል፣ ወረቀቱ ፀሐይ ሲያይ።

አምና አርባ ሦስት ሰው ወጣ፤
ከአዲስ አበባ አጥኚ፣ ላፕቶፑን አንግቶ መጣ።
ሦስት ቀን ሰነበተ፣ ሁለቱን በጉንፋን ተኝቶ፣
«መዝናኛ ይጎድላል» ብሎ ጻፈ፣ ግራፍ ሥሎ፣ ቀለም ቀብቶ።

ተገዛ።
የጠረጴዛ ቴኒስ ከነመረቡ።
ሲጫኑት ሻይ የሚተፋ ማሽን፣ በሁለት ወሩ የታመመ፣
ሶፋ፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተገፈፈ፣
ግድግዳው ላይ «አንድ ቤተሰብ ነን» የሚል በትልቁ ተጻፈ።

አልዋሽም፤ ሰርቪሱ ጥሩ ነው፤ ከጠባሴ ያነሳናል፤
በዚህ ብርድ በእግር የመጣ ሰው የመቀመጫ ሙቀት ዋጋው ይገባዋል።
ምሳውም ደህና ነው። ወጥ ቤቷ እጇ አይሰስትም።
ግን ሰርቪስ ሰውን ያመጣዋል፤ ማስቀመጥ አያውቅበትም።

እርገጤ ወልደ ጻድቅ። መካኒክ። የመሐል ሜዳ ሰው።
ካቻቪቴውን ማሽኑ ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ከጆሮው ሲያስጠጋው
የቱ ጥርስ እንደላላ፣ የቱ ኩሽኔታ እንዳረጀ፣
ሐኪም እንደሚያዳምጥ ልብ፣ ሳይፈታ አወጀ።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ምስክር ወረቀት ተሰጠው፣
የወርቅ ጠርዝ፣ ክብ ማኅተም፤ በአዳራሽ ቆሞ ተቀበለው።
አነበበው። «ለአቶ ይርጋ ወልደ ጻድቅ»።
ጭብጨባው ደርቶ ነበር፤ አየሁት፣ ከንፈሩ ብቻ ሲሥቅ።

በማግስቱ መጣ፦ «ስሜ ይታረም»። «ይታያል» ተባለ።
ከፋሲካ በኋላ መጣ፤ መልሱ ያው እንዳለ።
ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ከካፖርቱ እየተንጠባጠበ፣ በሬ ላይ ቆመ፤
«ይታያል» አልኩት፣ እኔው፣ ቀና ሳልል፤ እሱም ዝም ብሎ አዘገመ።

መስከረም ላይ ለቀቀ። ጫጫ፣ ዱቄት ፋብሪካ ገባ፤
ሶፋ የለው፣ ሰርቪስ የለው፣ ደመወዙም በስድስት መቶ ብር ያንሳል።
«ምን ጎደለበት?» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ «ቴኒስ ሁሉ አለ!»
«በግል ጉዳይ» አልኩት፣ ቅጹ ላይ እንዳለ።

ሲያስረክብ ጻፍኩ፦ ካቻቪቴ፣ አራት። ቱታ፣ ሁለት።
የሎከር ቁልፍ፣ አንድ። ባጅ፣ አንድ።
ከጋዜጣ ጥቅልል ውስጥ ያን ወረቀት አወጣ፣ ከነመስተዋቱ፦
«ይሄንንም መዝግቢው።»
«ምን ብዬ?»
«ምስክር ወረቀት። ብዛት፣ አንድ። የኔ ያልሆነ በዪ።»

ያን ስም የተየብኩት እኔ ነኝ።
ዓርብ ማታ ነበር፤ ሰርቪሱ በር ላይ ጡሩምባውን ይነፋል፤
ሠላሳ ሁለት ስም ቀርቶኛል፤ ከኋላ መቀመጫ ይሞላል፤
ጣቴ ቸኮለ። ማን ስም ያያል?

ዛሬ አስተካክዬ አተምኩት። ፊርማ የለውም፤
ላልነበረ ሠራተኛ ማንም አይፈርምም።
ከታች የቴኒሷ ኳስ ትሰማለች፣ ጠቅ... ጠቅ... ከዚያ ዝም፤
የሚያቀብላት የለም።

በፖስታ አሽጌ መናኸሪያ ወረድኩ፣ የጫጫ ሚኒባስ ሊወጣ ሲል፣
ለረዳቱ በመስኮት አቀበልኩት።
«ለማን ልበል?»
ነገርኩት።
ሞተሩ ጮኸ። «ለይርጋ?» አለኝ፣ ጆሮውን በመዳፉ ከልሎ።
«አይደለም!» አልኩት፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ፤
ስሙን፣ ፊደል በፊደል እየጮኽኩ፣
ከጎኑ ሮጥኩ።