ቢጫ ባንዲራ

በጁን የመጀመሪያው ሰኞ፣ ሳስካቱን ላይ፣
ጠሉ ከሣር ሳይወርድ፣ ጀንበር ሳትወጣ ሰማይ፣
ስምንት መቶ ሊትር ከኋላዬ ጭኜ፣
«የሣር ሐኪም ነኝ» ስል በራሴ ተማምኜ፣
ከበር በር እዞራለሁ፤
ጎማውን እዘረጋለሁ፣ ቃታውን እስባለሁ።
ስጨርስ ከሣሩ ዳር፣ በቀጭን ሽቦ ላይ፣
አንዲት ቢጫ ባንዲራ፣ ላላፊ አግዳሚ እንድትታይ፦
«ልጅም ውሻም አይግባ፣ እስከ ነገ በዚህ ሰዓት።»
ነፋስ ያውለበልባታል።
መዝሙር የላት፣ ዘብ የላት፣
የማን አገር ናት ብሎ ጠያቂም የላት።

«መድኃኒት» ነው የምንለው በእኛ ቤት፣ በእኛ ሥራ፤
ደግ ቃል ነው፣ ለጆሮ የሚጣፍጥ ሲጠራ።
ታማሚው ማነው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤
ሣሩ ይሁን፣ ሰፈሩ፣ ወይስ ራሱ አረም።

ኦሪሲያ ዳኒልቹክ ጠየቀችኝ።
ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች፣
መስታወት ሳታይ እንኳ ከኋላ ማን እንዳጠፋ ያወቀች፣
ማገጥና ቢጫ አበባ ግቢዋን የወረሰባት፣
ጎረቤት «ሰነፍ» የሚላት።
ሚስተር ፕሩደን አጥር ሥር ቃታዬን ስስብ መጣች።
«አጥፋው» አለች። አጠፋሁት።
የአርባ ልጅ ጫጫታ የገራ ድምፅ ነው፤
እንዴት እምቢ ይባላል?

አካፋ ይዛለች። ከራሷ ግቢ ቆረጠች፣
የአንድ ዳቦ ያህል አፈር፤ ጋዜጣ ላይ ፈረፈረች።
ጮክ ብላ ቆጠረች፣ እንደ ማለዳ ስም ጥሪ፦
አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣
«አንተ ወዴት? ተመለስ!»
አሥራ አራት።
ትሉን ነው እንጂ እኔን አይደለም፤
እኔም ግን ባለሁበት ቆምኩ።

«አሁን ደግሞ ያንተን።»
የፕሩደን ሣር እንደ ምንጣፍ ተነሣ፤
ከሥሩ ግራጫ፣ ደረቅ፣ የአፈር ሬሳ።
ጠበቅን። መኪና አለፈ። ውሻ ጮኸ።
አንድ ትል ወጣ፤
እሱም አድራሻ ተሳስቶ የመጣ ይመስል ነበር።

ሣር ያየ በሬ ገደል አያይም ይላሉ።
እኔ ግን ሣሩንም አላየሁት ኖሯል፤
አረንጓዴ ብቻ ነው ያየሁት።

አልሰደበችኝም። «ልጅ አለህ?» አለች።
«አለችኝ።»
«ይኼን ቱታ ከእሷ ልብስ ጋር ታጥበዋለህ?»

አፌ ተያዘ።
ባለቤቴ ለብቻው ነው የምታጥበው፤
ማንም ሳይነግራት፣ እኔም ሳልጠይቃት፣
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በጓንት።

በኖቬምበር፣ በረዶው ከጠና ወዲያ፣
ምድር ቤቷ ያቆየችውን አፈር በአይስክሬም ባልዲ ይዛ
ከከተማው ምክር ቤት ገባች።
ሦስት ደቂቃ ሰጧት።
ሁለቱን አፈሩን ጠረጴዛ ላይ ስትዘረግፍ ፈጀች፤
በቀረቻት «ቁጠሩ» አለች።
አልቆጠሩም። እጅ አወጡ።
ስድስት ለአምስት ተሸነፈች።
ሰው ካፖርቱን ደርቦ ሲወጣ እሷ ተንበረከከች፣
አንድም ትል ምንጣፉ ላይ እንዳይቀር ለቀመች።
ከኋላ ወንበር ነበርኩ። አልተናገርኩም።
ያን ማታ የሠራሁት ሥራ
ባልዲውን መያዝ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ታንከር የለኝም፤ የእጅ ማጨጃ አለኝ።
ዘጠኝ ደንበኛ ነበረኝ፤ ሁለቱ
«ሣራችን ጠቃጠቆ አወጣ» ብለው ተዉኝ።
ለሰባቱ ማገጥ እዘራለሁ፣ ሣሩን ረዘም አድርጌ አጭዳለሁ፣
የማደርገውን ግማሹን ገና እየተማርኩ ነው፤
ኦሪሲያም ሁሉን አታውቅ፣
የማታውቀውን ግን በቆመጥ እንጂ በመርዝ አትመታም።

ከጋራዥ የተረፉ ባንዲራዎች ለመጣል ሳወጣ
«ስጠኝ» አለች።
ጽሑፋቸውን በቀለም አጠፋችና
ከአጥሯ ጥግ፣ ከአንዲት ጉድጓድ አፍ አጠገብ፣
ጠዝማን የምትመስል ድብልብል ንብ በምትኖርበት፣
አንዷን ተከለች፦
«እዚህ ቤት አለ። ቀስ ብላችሁ እለፉ።»

ነፋስ ያውለበልባታል።
ፕሩደን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል።
ገና ምንም አላለም።