ቅጥር

ግንቦት ነው፤ ሶሃር ላይ መስኮቱ በውጭ በኩል ያልበዋል፣
ዳርቻው ላይ የተሰጣው የሰርዲን ሽታ
ደረጃ ሳይቆጥር ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል።
ጠረጴዛው ላይ አርባ አንድ ማመልከቻ፣
አርባ አንድ ሰው፣ የታጠፈ በወረቀት፤
የሥነ ልቦና ክፍላችን የጎደለው መምህር ሁለት፣
ሁለት ብቻ።

ዶክተር ኸልፋን ሰብሳቢ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ፤
ፓድማጃ ስም ዘልላ፣ የታተመ ጥናት ቆጥራ ነጥብ የምታደርግ፤
እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ። እዚህ አሥራ ሁለት ዓመቴ፤
የሰውን ልብ አስተምራለሁ፣
ከአገር የመጣ መልእክት ግን ሳልከፍተው ይሰነብታል ቤቴ።

አሥራ ዘጠነኛው ላይ እጄ ቆመ።
ደርበው ሽባባው፣ ዲላ።
ጆሯቸው ያው ነው፣ ሰፊ፤ ጠጉራቸው ግን ጠመኔ፤
ሠላሳ ዓመት ከሰሌዳ የበነነው ሁሉ
ራሳቸው ላይ አርፎ የቀረ መሰለኝ ለእኔ።

ስታትስቲክስ ላይ «ሲ» የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።
ልለምን ቢሯቸው ብገባ፣ «ውጤቱ አልወረደም፣
አንተ ነህ እላዩ ያልወጣኸው» ብለው ሣቁ፤
ውጭ ይዘንብ ነበርና ጃንጥላቸውን አዋሱኝ።
ኋላ አንድ ቢሮ ተጋርተን ስናስተምር
«አምጣ» አላሉኝም፤ እኔም ሳልመልስ አገር ለቀቅሁ።
አሁን ሶሃር ላይ ለፀሐይ እዘረጋዋለሁ።

ከስማቸው ግርጌ ቀይ መስመር፣
ሰው ያላሰመረው፣ የማሽን፦
የዕድሜ ጣሪያ ስልሳ፤ አመልካቹ ስልሳ አምስት።
«ይሄ አልፎበታል» አለ ኸልፋን፣ «ቀጥል።»
የትውልድ ዘመናቸውን አየሁ፤ ኅዳር፣ ሃምሳ ስምንት።
በእኛ!
መምህሬ እናታቸው በነገሯቸው ዘመን ሞልተው
ማሽኑ በፈረንጅ አንብቦ ሰባት ዓመት ጫነባቸው።

አስረዳሁ። በአገሬ ዘመን ዘግይቶ ነው የሚሄደው፣
ይህ ሰው ገና ሃምሳ ስምንት ነው።
ፓድማጃ ሣቀች፦ «ሰባት ዓመት! ትኬቱ ስንት ነው ወደዚያ?»
ኸልፋን አልሣቀም፤ ሂጅራ ሲቆጠር ሰምቶ ያደገ ነው።
«ሁላችንም ሁለት ዕድሜ አለን» አለና
ቀዩን መስመር አጠፋው።

ቃለ መጠይቁ በስክሪን። ሁለቴ መብራት ሄደባቸው፤
በተመለሰ ቁጥር ያቋረጡትን ዓረፍተ ነገር
ከቆመበት ቃል ቀጠሉት።
«ትዝታ ጎተራ አይደለም፤ ያስቀመጥከውን ዝቀህ አታወጣም፣
በጠራኸው ቁጥር ቤቱን አፍርሰህ
በዚያው ድንጋይ ሌላ ቤት ነው የምትሠራው።»
ፓድማጃ መደመሯን ትታ አገጯን ያዘች።

ኸልፋን ጠየቀ፦ «ቢመጡ፣ እዚያ ማን ይተካዎታል?»
ዝም አሉ። ከኋላቸው ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይንኳኳል።
«አራት ነበርን። አንዱ ካናዳ፤ አንዷ እርዳታ ድርጅት ገባች፤
አንዱ…»
ወደ ካሜራው ተጠጉ፣
እኔን ፈልገው ይሁን ድምፁ ተቆርጦባቸው እንጃ፣
«አንዱ እናንተ ጋ ነው።»

ይህን ቃለ ጉባኤ ላይ አላሰፈርኩም።
ሦስት እጅ ወጣ፤ የኔ መጨረሻ።
«ቅጥሩ ጸድቋል» ተባለ በእንግሊዝኛ፣
በልቤ ግን ቃሉ ባማርኛ መጥቶ ሁለት ሆነብኝ፤
አንዱ ቅጥር ደመወዝ ነው፣ አንዱ ቅጥር ግንብ፤
የኛን ስንክብ ድንጋዩን ከማን ቅጥር እንደነቀልን
የሚጠይቅ ሣጥን ቅጹ ላይ የለም።

በሦስተኛው ቀን ጻፉልኝ። ይህን ግን ወዲያው ከፈትኩት፦
«አመሰግናለሁ። ገና አልወሰንኩም።
ሰባ ሦስት ተማሪ አለኝ፤ ልጄ ደግሞ ኩላሊቷን ታማለች፤
ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አያጣፋም።
ለመሆኑ እዚያ ይዘንባል?»

መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ።
ጃንጥላው ከበሩ ኋላ ቆሟል፣ አንድ አጥንቱ ተሰብሯል።
ሰባት ዓመታቸውን የመለስኩላቸው
በግማሽ ደቂቃ ነው።