የፍልፈል ፊርማ

ኩባንያው ሲሄድ የከሰሉን ጉድጓድ ሞልቶ፣
ከሰቃ መንገድ ወዲህ አፈር አልብሶ፣ ደሾ ሳር ዘርቶ፣
ሰው ላኩ ከጅማ፤
ንጹሕ ሰው፣ ባለ ነጭ ሸሚዝ፣ ባለ አዲስ ጫማ።
ዙሪያውን አንዴ ዞረ።
«መሬቱ ድኗል» አለ። አሳረፈ ፊርማ።

እኔን ቀጠሩኝ፣ የዳነው እንዳያገረሽበት፣
አረም ነቃይ በቀን፣ ፍልፈል አጥማጅ በሌት።
አንድ ዶማ ሰጡኝ፣ ሁለት የሽቦ ወጥመድ፤
ደመወዝ በወር ማለቂያ፤ ከዘገየም፣ በልማድ።

አረሙ ክፉ ነው። በእኛ ቋንቋ ስሙ ፈረምሲሳ፣
አስፈርሞ የሚያስለቅቅ፣ ገበሬን ከእርሻው የሚያስነሳ።
አበባው ነጭ ነው፣ የተነሰነሰ ዱቄት ይመስላል፤
በባዶ እጅ ከነቀልከው ክንድህን ያሳክካል።
ሳያብብ ንቀለው። ካበበ ዘግይተሃል፤
አንዱን ስትጥል ሌላው ከኋላህ ይስቃል።
ዙበይዳ ማጭድ ይዛ አንድ ቀን አብራኝ ዋለች፤
«ይህን በልታ ነው» አለች፣ «ላሜ ወተቷን ያመረረች።»

ፍልፈሉ ግን ሌላ ነው። አይታይም፣ አይሰማም፤
ዓይኑ ኢምንት ነው፣ መንገድ ግን አይስትም።
የአባ ዲኮን እንሰት ከሥሩ ጨረሰው በአንድ ሌሊት፤
ቆሞ ያደረው ግንድ ወደቀ፣ ጠዋት በጣት ሲነኩት።

መተላለፊያውን ከፈትኩ፣ በርበሬ አጨስኩበት፤
ወጥመዴን አጠመድኩ፣ አፈር መለስኩበት።
ሲነጋ ብመጣ፣ ወጥመዱ ተደፍኖ፣
አዲስ ቁልል ከጎኑ፣ እንደ ኩይሳ ገንኖ።

ጎንበስ አልኩ።
ቁልሉ ጥቁር ነው።
ቀዩን አይደለም፣ ከሥር ያለውን፣
ያንን የረሳነውን፣ ተቀብሯል ያልነውን፣
ከሰሉን ነው ጎትቶ ያወጣው።

ሜትር ተኩል አፈር አለው ተብሎ ነበር ሲፈረም።
በክንዴ ለካሁት።
አንድ ክንድ አይሞላም።

ለካ እርሱም ሠራተኛ ነው፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ጫማ፤
ወረቀቱ ያለውን፣ መሬቱ ያለውን፣
ጨለማ ውስጥ ሲያመሳክር ያደረ፣ ማንም ሳይሰማ።

ዛሬ እሁድ ነው፣ ቢሮው ዝግ። ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ፤
ሃያ ሦስት ቁልል፣ ሃያ ሦስቱም ጥቁር።
ነገ አንዱን በፌስታል ቋጥሬ ጅማ እወርዳለሁ፤
በባለ አዲስ ጫማው ጠረጴዛ፣ ከማኅተሙ አጠገብ፣
እዘረግፈዋለሁ።
«ይኸው» እላለሁ፣ «ሌላም የፈረመ አለ።»

ማታ ተመልሼ ወጥመዱን አጠምዳለሁ።
ምስክር ነው፣ አውቃለሁ።
ግን እንሰት በልቷላ።