ላጲስ

የመድኃኒት ቤቱን ደረሰኝ ገልብጬ
ሰንጠረዥ አሰመርኩ፣ ወጥ ቤት ተቀምጬ፦
ጌንት፣ ጎተንበርግ፣ ፓዶቫና ፒሳ።
ውጭ አርኖ ይፈሳል፣ ድምፁን ሳያነሳ።

በቁልቁል መስፈርቱ፦ የቋንቋ ወረቀት፣
ማኅተም ያረፈበት የአራት ዓመት ውጤት፣
ስለ እኔ የሚጽፉ ሁለት መስካሪዎች፣
"ለምን ማኅበረሰብ?" አንድ ገጽ ምክንያቶች።
ጌንት ስታቲስቲክስ ስንት ወሰድሽ ትላለች፣
ጎተንበርግ የመመረቂያ ጥናቴን ትሻለች፣
ፓዶቫ በፈተና ነጥሬ እንድለይ፣
ፒሳ ወንበር ስባ ዐይን ዐይኔን ልታይ።
አንዱ ሁለት ዓመት ነው፣ ሌላው ደግሞ አንድ፤
አንዱ ክፍያው ቀላል፣ አንዱ ኪስ የሚያነድ።

የጅማ ውጤቴን ስካን ባደርግ ከበደ፤
"ፋይሉ ትልቅ ነው" አለ፣ ኮምፒውተሩ ተናደደ።
ከመስካሪዎቼም አንዱ፣ መምህሬ፣ አርፈዋል፤
ሌላው ካናዳ ናቸው፣ ኢሜይላቸው ተዘግቷል።

ያኔ በኛ ጊዜ መች ነበረ ምርጫ፤
ፋርማሲ ሞልቼ የነጥብ መቁረጫ
በሦስት በለጠኝ። ዝርዝሩ ተለጠፈ፣
ስሜ ከመቶ ስም በመደዳ ተጻፈ፦
"ሶሲዮሎጂ፣ ጅማ።"
አልወደድኩት ያኔ። የገባኝ ውሎ አድሮ፣
ቤይሩት፣ በሩ በላዬ ከውጭ ተቀርቅሮ፤
ማን ቆሞ፣ ማን በልቶ፣ ማን ስሙን እንዳጣ
መምህሬ ያስጻፉን ንድፈ ሐሳብ መጣ።

ደግሞ አለ አንድ መስመር፣ ሁሉም የሚያነሱት፦
"በሥራ ታሪክሽ የሚታየውን ክፍተት
እባክሽ አብራሪ።" ዘጠኝ ዓመት ሙሉ
ክፍተት ነው? እነዚህ እጆች ምን ይበሉ?

ሲኞራ ኤርሲሊያ፣ ዘጠና አንድ ሞልቷቸው፣
አርባ ዓመት ሕፃናት ያስተማሩ ናቸው።
አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ በእጄ፤
ያን ምሽት ግን አሉኝ፣ "ደብዳቤሽን፣ ልጄ።"

መነጽር ደራርበው አነበቡ ቀስ ብለው።
"በታላቅ ትህትና እለምናለሁ" የሚለው፣
ከቀበሌ የመጣ የማመልከቻ ወግ፣
ጣልያንኛ ለብሶ ቆሞ ሲያደገድግ
አዩት። "ይህ ማነው?" አሉ። "ይህን ማን ጠየቀ?
ልመና ምክንያት ሆኖ መች ታወቀ?"

"ላጲስ ስጪኝ" አሉ። መሳቢያውን ስቤ
ላጲስ አቀበልኩኝ፣ ደንገጥ ብሎ ልቤ።
አገላብጠው አዩት። ሳቁ እስኪያስላቸው።
ላጲስ እርሳስ ኖሯል ለካ በቋንቋቸው።
እኛ ጋ የሚያጠፋ፣ እነሱ ጋ የሚጽፍ፤
ምን አግኝቶት ይሆን ባሕሩን ሲያልፍ?

ሁለቱንም ያዙ፣ በግራና በቀኝ።
ያጎነበስኩበትን ሁሉ ፋቁልኝ፤
ከክፍተቱ ጠርዝ ላይ፦ "ስንት ቤት አየሽ?
ማን ከማን እንደሚበልጥ በምን አወቅሽ?"

አራት ቤት፣ ሰባት አዛውንት፣ ሁለት አገር፤
ሲያዝ የኖረ ሰው ለመቆም ሲቸገር
ድምፁ እንዴት እንደሚያጥር። ይኼን በክፍተቱ
ጻፍኩና ገጹ ሞላ፣ አነሰኝ ስፋቱ።

ቀረ አንድ አምድ ብቻ፣ ከዳር፣ በቀጭን ጽሕፈት፣
ማንም ዩኒቨርሲቲ ያልጠየቀው ነገር ያለበት።
ጌንት ፊት ለፊት — "አይሆንም።" ጎተንበርግ — "አይታሰብም።"
ፓዶቫ — "ሦስት ሰዓት ባቡር፣ ማታ አይመለሱም።"
ፒሳ — "በእግር ሩብ ሰዓት።"

ፊደሉን አያውቁትም፤ ጣታቸው ግን አረፈ።
"ይህስ ምን ይጠይቃል?" አንደበቴ አደፈ፣
ልዋሽ አልኩ፣ አልሆነም። "ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት
ማን ያገላብጥዎታል፣ ነው የዚህኛው መስፈርት።"

ዝም አሉ። የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል።
ለእኩለ ሌሊት ስምንት ደቂቃ ይቀራል፤
አራቱም በሮች ያኔ ነው የሚዘጉት።
ደረሰኙን ስበው ወደ መብራቱ አስጠጉት፣

"ላጲስ" አሉ ደግመው። እጄን ዘረጋሁኝ —
በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ጠፋኝ።