የልኬት ደብተር

ከአባቴ ሲንጀር ሥር፣ ከመሳቢያው ጓዳ፣
የልኬት ደብተር አለ፣ ጎንደር ላይ፣ አራዳ።

እትዬ አጋረደች ሙሉ አንድ ገጽ ናት፤
ዐሥራ አንድ ወገብ፣ ዐሥራ አንድ ቁመት።
ለጥምቀት አንድ ጣቃ ሲበላው መቀስ፣
የታላቁ ሱሪ ለታናሹ ሲደርስ፣
“ጉልበቱን ጣፍልኝ፣ ገና ሦስት ጌታ አለው”
ትል ነበር ለአባቴ፣ ቆማ እያጣደፈችው።

ልጇ ብርነሽ መጣች፣ አራት መስመር ሞላ፤
በቀረው ወረቀት ዕዳ ጻፈ ኋላ።

ዛሬ የልጅ ልጇ፣ የባንክ ሠራተኛ፣
ሶልያናን ብቻ ይዛ መጣች ወደ እኛ።
ለክቼ ጨረስሁ፣ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ።

ያምናውን ቀሚሷን ከፌስታል አወጣች፤
“አዲስ ነው እኮ ገና... ለማን ልስጠው?” አለች።
ቁልፉ አልላላም፣ ክርኑም አልሳሳም።

ልጅ የለኝም እኔም። መስኮት ላይ ሰቀልሁት፤
ዋጋው ስንት ነው አሉኝ መንገደኞች ሲያዩት።